የበረዶው ጨርቅ

ከዘመሮ እስከ ዓለም ከተማ ባለው አገር የቤተ ክርስቲያን በር ላስቀርጽ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያስጠራው እኔን ነበር። ያስተማረኝ የለም። የወይራን ጠባይ ያወቅሁት ከወይራው ነው፤ የድንጋይንም እንዲሁ። እኔ የቀረጽሁትን የመቃብር ሐውልት ያየ ለቀስተኛ እንደገና ያለቅሳል። ይህን አገሬው ሁሉ ይናገረዋል። የማይናገረው ሌላ ነው፤ ከእጄ ሥራ ሁሉ የሚበልጠው በር አልነበረም፣ ሐውልትም አልነበረም።

በንጉሡ ዘመን፣ ገና ጎልማሳ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት በረዶ የአገሩን ገብስ ከጭቃ ቀላቀለው። በማግስቱ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ወደ ቆላው ስመለከት ዋልሁ። ቤት ገብቼ ሦስት ክንድ አቡጀዲ ወጠርሁ። ቀይ አፈር፣ ጥላሸትና ኖራ በቆዳ ሙጫ በጥብጬ ያን ቀን ሳልሁት። ሰው የለበትም፤ ተራራም ሆነ እህል የለበትም። ከላይ የተንጣለለ ግራጫ፣ በመካከል የተሰነጠቀ ጥቁር፣ ከታች ሊጠፋ የደረሰ ቀይ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሥዕል አልሳልሁም፤ አላስፈለገኝም። ጠቅልዬ ከጣሪያው ሥር አስቀመጥሁት። የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ነበረች። "የበረዶው ጨርቅ" ትለዋለች። ማንም ሳይነግራት ነው ያወቀችው።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን በአዲስ ታነጸ። የሰበካው ሊቀመንበር፣ አብሮ አደጌ፣ ከገበዙ ጋር ቤቴ መጣና በሩን እንድቀርጽ ለመነኝ። ሰባን ዓመት አልፎኝ ነበር። ሳልሞት ያን ሥዕል ሰው እንዲያየው ፈለግሁ፤ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

"በነጻ እቀርጻለሁ" አልሁና ጨርቁን ዘረጋሁት። "ይህን ግን ከውስጥ ግድግዳው ላይ አስለጥፉልኝ።"

ሊቀመንበሩ ሳቀ። "አንተ ሰውዬ፣ ይህ የምጣድ ማሰሻ ነው ወይስ ምንድን ነው?"

"በግ ከመቁጠር ሌላ የማያውቅ ዓይን ምን ሊታየው!"

ገበዙ አልሳቁም። "ወንድሜ፣ እኛ ዘንድ ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሳላል፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን። ይህ ጭራሽ ዓይን የለውም። ሕዝቡ ይሳለመው ወይስ ያማትብበት?"

"ይየው፣ አባቴ። ማየት ብቻ።"

"ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማየት ብቻ የለም" አሉ። ግን እንደ እኔ የሚቀርጽ ከየት ያመጣሉ? ተስማሙ።

ሁለት በጋ ሙሉ ቀረጽሁ። በሩ ሲያልቅ ሥዕሌን በምዕራቡ በር በኩል በገዛ እጄ ለጠፍሁት። እንደተለጠፈ የቆየው ሦስት ሳምንት ነው። ከዚያ ብርድ መታኝና አልጋ ያዝሁ።

ስነሣ ከደብረ ብርሃን የመጣ ሠዓሊ ቅዱሳኑን ሲሥል ደረስሁ። ገበዙ በደስታ እጄን ይዘው አስገቡኝ።

"እንኳን ተነሡ! የጀመሩትን አስጨርሰንልዎታል። ዓይንዎ ቢደክም እንዳቆሙት ገብቶናል።"

ጥቁሩ ላይ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ተከፍተዋል። ግራጫው ክንፍ፣ ቀዩ ካባ ሆኗል። መልአክ ነበር።

ሠዓሊው ከመሰላሉ ላይ ሆኖ "አባቴ፣ የሥዕሉን መደብ አሳምረው ቀብተው ስለጠበቁኝ እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ። ክፋት አልነበረበትም።

"አልቆ ነበር" አልሁ።

"ምኑ?" አሉ ገበዙ።

"ሥዕሉ። አልቆ ነበር።"

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ሕመሙ ገና አልለቀቀዎትም።"

ቅዳሴ ቤቱ ሊከበር አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ጳጳሱ መጥተው ሥዕሉን በሜሮን ከቀቡት በኋላ ማንም ሊነካው አይችልም። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ ከመሮዎቼ ስሉን ይዤ ገባሁ። ባለቤቴም ተከተለችኝ። ከእንቁላል ላይ ቀለም ባነሣ ቅርፊቱን አልጭርም፤ እጄ እንዲያ ያለ እጅ ነው። ከካባው ጫፍ የጥፍር ያህል ፋቅሁ። የሠዓሊው የፋብሪካ ቀለም የእኔን አፈር ዘልቆት ኖሯል፤ ሁለቱ አብረው ተነሡ። ከሥር የወጣው ነጭ አቡጀዲ ነው። ሌላም ቦታ ሞከርሁ፤ ያው ነው። ዓይኑን ብፍቀው ጥቁሩም አብሮት ይሄዳል። መሮውን ኪሴ ከተትሁ።

ባለቤቴ ቀና ብላ ስታየው ቆየች።

"አሁንስ ያየናል" አለች። "ያ በረዶ እኮ ማንንም አላየም ነበር።"

ሥዕሌ ምን እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው ከእሷ ሌላ አልነበረም። እሷም ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አልቆየችም።

ቅዳሴ ቤቱ ሲከበር ጳጳሱ ሜሮኑን ቀቡ፤ እልልታው ቀለጠ። ሕዝቡ ተሰልፎ መልአኩን እየተሳለመ ያልፋል። "እንዲህ ያለ በር መንዝ አይታም አታውቅ!" እያለ ሊቀመንበሩ ለእንግዶቹ ሲያሳይ ይሰማኛል። እውነቱን ነው። ተራዬ ሲደርስ ገበዙ ክንዴን ደግፈው ከፊቱ አቆሙኝ። ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ጎንበስ ብዬ ተሳለምሁት። የፋብሪካው ቀለም ሽታ ከንፈሬ ላይ ቀረ።