ጣራው ላይ የቆመው መንኮራኩር

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ አንድ ጤና ተቋም ጣራ ላይ የአየር ማስገቢያ ማሽን የተከልን ሰሞን ዕረፍት የሚባል አጣሁ። ማሽኑ ውስጥ የሚዞር ትልቅ መንኮራኩር አለ፤ ከክፍሎቹ ከሚወጣው አየር ሙቀቱን ይይዝና ከውጭ ለሚገባው ቀዝቃዛ አየር ይሰጣል። እሱ ከቆመ የመንዝ ብርድ ቀጥታ ታማሚው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ሥራው ካለቀ በኋላም ሰበብ እየፈለግሁ በየክፍሉ እዞር፣ እጄን ወደ አየር መውጫው እዘረጋ ነበር።

አንድ ጠዋት ማዋለጃው በር ላይ ጋቢ የተከናነቡ እናት ጠሩኝ። ልጃቸው ውስጥ በምጥ ላይ ነበረች።

«የኔ ልጅ፣ ያ ከላይ የሚነፍሰው ልጄን አንቀጠቀጣት። ዝጋልኝ» አሉኝ።

«መዝጋት አይቻልም እናቴ፤ ግን አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ።»

ወደ ጣራው ሮጥኩ። መንኮራኩሩ ቆሟል፤ ሞተሩ ብቻውን ይጮኻል። የሚያዞረው ቺንጋ፣ የጎማ ቀበቶው፣ ረግቦ ወልቋል። ማሽኑን አጥፍቼ ቺንጋውን ላሳጥር ብል፣ ጣቴ በብርድ ስለደነዘዘ ከእጄ ደጋግሞ አመለጠኝ። ከታች ጩኸት የሰማሁ መሰለኝ። በመጨረሻ ቺንጋውን ገጥሜ ማሽኑን መልሼ ሳበራ መንኮራኩሩ መዞር ጀመረ፤ እያየሁት እንኳ አላመንኩም። እየተጣደፍኩ ወረድኩ።

እናትየው በሩ ላይ የሉም። ክው አልኩ። ጥቂት ቆይተው ከውስጥ ፊታቸው በርቶ ወጡ።

«ወንድ ወለደች!» አሉኝ።

«ክፍሉ ሞቋል?» አልኳቸው፣ እንኳን ማርያም ማረቻት ማለቱን ረስቼ።

ሳቁብኝ። «ሞቋል። አሁንማ ተቀመጥ እንጂ!»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብዙም ሳልቆይ ግን ተነስቼ ያ ቺንጋ ዳግም አለመውለቁን ለማየት ተመልሼ ጣራው ላይ ወጣሁ።