ወገቡ ላይ ማሽን ያሰረው ፀጉር አስተካካይ

ምላጩ ጡረተኛው መምህር አገጭ ስር እንዳለ ቀስቴ በግራ እጁ ቀበቶው ላይ ያንጠለጠላትን ማሽን ከሦስት ወደ አራት አዞራት። ጀርባው ላይ ንዝረት ተሰማው።

"ዛሬም አስነሳሃት?" አሉ መምህሩ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

"ዝም ይበሉ ጋሼ። ጉሮሮዎ ላይ ነኝ።"

"ሃያ ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ነህ። መቼ ለቀኸኝ?"

ቀስቴ ያሉት ደንበኞቹ ናቸው፤ ጀርባው እንደ ቀስት ስለጎበጠ። እሱም ስሙን በሩ ላይ አስጽፎታል። አከርካሪው መጉበጥ የጀመረው በአሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በሃያ አምስቱ መጉበጡ ቆመ፤ ሕመሙ አልቆመም። አርባ ስድስት ሲሞላው ከምሳ በኋላ በእግሩ መቆም አቃተው።

"ሥራ ቀይር" አለው ሐኪሙ።

"ወደ ምን?"

ሐኪሙ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከው።

መንገዱ ማዶ ያሉት ወጣት ፀጉር አስተካካዮች የሚያውቁት ቶንዶስ ብቻ ነው። በምላጭ መላጨት የፈለገ ሁሉ ወደ ቀስቴ ይመጣል። ምላጩን ከተወ ከነሱ በምን ይለያል?

ማሽኗን የሰጠችው የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ናት። የሲጋራ ፓኮ ታክላለች፤ ከሽቦዎቿ ጫፍ አራት ተለጣፊዎች አሉ። "አጥንትህን አታቃናም" አለችው። "ሕመሙ ወደ ጭንቅላትህ የሚሄድበትን መንገድ በኤሌክትሪክ ንዝረት ታጨናንቅልሃለች፣ በቃ።" በቃው። እስኪመሽ ቆሞ መዋል ጀመረ።

እጁ ጀርባው ላይ ስለማይደርስ በየጠዋቱ የምትለጥፍለት ታላቅ እህቱ ናት። ጎኑ ያለው የሴቶች ፀጉር ቤት የሷ ነው። "ዙር አንተ ግድግዳ፣ ማስታወቂያ ልለጥፍብህ" ትለዋለች።

አንድ ችግር ነበር። የተቆረጠ ፀጉር በአንገትጌው እየገባ ተለጣፊዎቹ ላይ ይጣበቃል። ባለሙያዋ ጥቂት ውሃ ጠብ እያደረገ እንዲያጸዳቸው ነግራው ነበር። እሱ ግን የሚነካውን ሁሉ በአልኮል ሲጠርግ የኖረ ሰው ነው። ተለጣፊዎቹንም በአልኮል ጠረጋቸው።

"ደርቀዋል እኮ" ብላው ነበር እህቱ በዚያ ጠዋት።

"ስለጸዱ ነው።"

መምህሩን እየላጨ ማሽኗን ቁጥር አራት ላይ ሲያደርሳት አንዱ ተለጣፊ ተላቆ በጠርዙ ብቻ ይዞ ነበር። ኤሌክትሪኩ በዚያች ጠርዝ እንደ ንብ ነደፈው። ክንዱ ዘለለ።

ነጩ አረፋ ላይ ደም ታየ።

"ምንም አይደል" አሉ መምህሩ ፎጣውን አንገታቸው ላይ ጭነው። ክሊኒክ ሄደው ሦስት ስፌት ተሰፉ።

እህቱ ሮጣ ገብታ ሸሚዙን ገለጠችና አሸተተች። "በአልኮል አጠብካቸው?"

"ምላጩንስ በምንድን ነው የማጥበው?"

"ምላጭ ብረት ነው፣ የኔ ጅል!"

በማግስቱ አዲስ ተለጣፊ መጣ። ማሽኗ እንደ ድሮዋ ሠራች። ምላጭ ሲያነሳ ግን ክንዱ ንድፊያውን ይጠብቃል። "እባብ ያየ በልጥ በረየ" አለች እህቱ። ማሽኗን አጥፍቶ ሞከረ። የአንዱን ደንበኛ ግራ ጉንጭ ጨርሶ ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። ቀኙን የጨረሰችው እህቱ ናት። ደንበኛው ሳቀ፤ ቀስቴ አልሳቀም።

ቅዳሜ መምህሩ አንገታቸው ላይ ፕላስተር ለጥፈው መጡ። ፀጉራቸውን በቶንዶስ አስተካከላቸው። ከዚያ ሳሙናውን በብሩሽ መምታት ጀመረ።

"ጺሙን ተወው" አሉ።

"ፈርተው ነው ጋሼ?"

"ብርዱ እየመጣ ነው። ይሸፍነኝ ብዬ ነው።"

ቀስቴ በመስኮቱ አየ። ውጭ ፀሐይ ነበር። ብሩሹን አጥቦ መሳቢያ ውስጥ አስገባው፤ ምላጩንም ከጎኑ።

መምህሩ አሁንም በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ይመጣሉ። ጺማቸው ደረታቸው ደርሷል።