የበጉ ዋስ

አባቴ በግ ነጋዴ ነበር። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ለጉራ ነው፤ ጉራዬ ያመጣብኝን ጣጣ ደግሞ ወደፊት ታዩታላችሁ። በእኛ ወሎ በግ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ እጁን ወገቡ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ ላቱን ከሥር ይዞ ይመዝናል። ላቱ እጅ የሚሞላ በግ ገበያ ቆሞ አይውልም። እኔም ይህን እውቀት ይዤ ካርቱም ገባሁ፤ ሌላ የያዝኩት ነገርም ብዙ አልነበረም።

የምነግራችሁ የሆነው ጦርነቱ ከተማዋን ከመበተኑ በፊት ነው። አል-ማንሺያ ውስጥ፣ ከወንዙ ብዙም በማይርቅ አንድ ትልቅ ቤት፣ ምግብ አብሳይ ነበርኩ። የምተኛው ሰገነቱ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ክፍሏ በር ነበራት፣ ቁልፍ ግን አልነበራትም፤ ማዳምም ሆነች ልጆቿ ሲፈልጉኝ ሳያንኳኩ ይገባሉ። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ቤታቸው የምታድር ሠራተኛ በሯን መዝጋት ትፈልጋለች ብለው አስበው ስለማያውቁ ነው። የእነሱ የዕቃ ቤት ቁልፍ ግን ቀንም ሌሊትም እኔ አንገት ላይ ነበር። ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ዱቄቱ፣ የሥጋው ማቀዝቀዣ ሁሉ በእኔ እጅ ነው።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጀሪፍ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ቀን ሠርቼ ማታ ወደ ራሴ ቤት መግባት፣ ገብቼም መቆለፍ። ክፍሏንም አግኝቼ ነበር፤ አከራይዋ ግን የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ካልሰጠሽኝ አለች። ከደሞዜ ላይ ለአገር ቤት ልኬ የሚተርፈኝ ደግሞ ለስድስት ወር ቀርቶ ለሁለትም አይበቃም።

የበጉን ሐሳብ ያመጣችው የአገሬ ልጅ ናት። ዐማራት ሰፈር ቢሮ እያጸዳች ጀሪፍ የራሷ ክፍል ውስጥ ትኖር ነበር፤ በዚህ በጣም እቀናባት ነበር፣ አልደብቅም። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ “እህትዋ፣ ፉሉስሽን ፍራሽ ሥር ብታስቀምጪው ዓመት ሳይሞላ ዳቦ አይገዛልሽም። በግ ግን ወላሂ ቢያንስ ይሰባል። ያላ፣ አንድ አንድ ጠቦት እንግዛና ግቢዬ ውስጥ እናደልብ።”

መቼ እንደሚገዛ እኔ አውቅ ነበር። አረፋ ሊደርስ ሲል የበግ ዋጋ ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ ነው፤ በዓሉ ሲያልቅ ግን ሳይሸጥ የቀረውን በግ የሚያየው የለም። ከጀሪፍ ዳር፣ ወደ ማንሺያ መውጫው ላይ፣ በየዓመቱ ለአረፋ ዘሪባ ይተከላል፤ በእንጨትና በገመድ የታጠረ የበግ በረት ነው። እዚያ ከጀዚራ ገጠር በጎቻቸውን በጭነት መኪና የሚያመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ትልቁ ገበያ ኦምዱርማን ነው፤ እሳቸው ግን ወደዚያ አይሄዱም። “እዚያ በጉ ከእኔ እጅ ወጥቶ ገዢው እጅ እስኪገባ ሦስት ደላላ ይቀባበለዋል፤ ለእኔ የሚተርፈኝ የመኪናው ኪራይ ነው” ይሉ ነበር። ስለዚህ ዘሪባቸው ውስጥ ከበጎቻቸው ጋር እያደሩ ራሳቸው ይሸጣሉ። በበዓሉ መጨረሻ የቀሯቸውን ይዞ መመለስ ደግሞ ኪሳራ ስለሆነ በተገኘው ዋጋ ይለቃሉ። እኛም የሄድነው ያኔ ነው።

ጓደኛዬ ሽማግሌው የመረጡላትን ገዛች። ቀይ፣ እግረ ረጅም፣ አንገቱን የሚያቀና ጠቦት ነበር። እኔ ግን የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ማንም እንዲመርጥልኝ አልፈለግኩም። ጥግ ላይ አንድ ድንክ የሚመስል ጠቦት አየሁ፤ እናቱ ከገዳሪፍ፣ ከእኛ ድንበር በኩል የመጣች ናት፣ እንደ አገሬ በግ ላት አውጥቷል። ላቱን ከሥር ያዝኩት፤ ልቤ ዘለለ።

“ያ ብቲ” አሉኝ ሽማግሌው፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ “እዚህ አገር ሰው በግ የሚገዛው በቁመቱ ነው። ይህን ላት የሚወድልሽ አገርሽ ነው።”

“እርስዎ ብቻ ይሽጡልኝ፣ ያ ዐሚ” አልኩ፣ አጎቴ ማለቴ ነው። በርካሽ ስለሰጡኝ ያታለልኳቸው መስሎኝ ደስ እያለኝ ሄድኩ።

ዓመቱን ሙሉ አደለብናቸው። ማዳምን አስፈቅጄ ከገበታ የተረፈውን ደረቅ ዳቦ በከረጢት እያጠራቀምኩ፣ የሐብሐብ ልጣጩንም ጨምሬ፣ በዕረፍት ቀኔ ጀሪፍ እወስዳለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ አቡ ሰብዒን የሚሉትን ለምለም የማሽላ አገዳ ከጋሪ ላይ ትገዛለች። የእሷው በግ ወደ ላይ አደገ፤ የኔው ወደ ጎን። ጠባዩም የኔ ነበር፤ ሰው ሲነካው ይዋጋል።

አረፋ ሲቃረብ ሁለቱንም ወደዚያው ዘሪባ ይዘን ሄድን። ካርቱም ውስጥ ዝም ብሎ በግ ጎትቶ መሸጥ የለም። ገዢው ዳሚን ይጠይቃል፤ በእኛ ቋንቋ ዋስ ማለት ነው። ሻጩን የሚያውቅ፣ በጉ የተሰረቀ አለመሆኑን ለመመስከር ወደ ፊት የሚቀርብ ሰው ነው። ነገ ባለቤት ነኝ የሚል ቢመጣ ከፋዩ ዳሚኑ ነው፤ ስለዚህ በየበጉ ትንሽ ድርሻ ይቀበላል። በእኛ ገበያ ይህ ነገር አልነበረም፤ የማን ልጅ መሆንሽን ሁሉም ያውቃል። እዚህ ግን እኔና እሷን ማን ያውቀናል? ሽማግሌው ከሳቸው ስለገዛን ዳሚን ሊሆኑን ተስማሙ። ድርሻቸውንም እንደማንኛውም ሰው እንደሚቀበሉ አስቀድመው ነገሩን፤ ይህን ወደድኩላቸው።

የጓደኛዬ በግ ገና በመጀመሪያው ቀን ተሸጠ፤ ገዢው ሁለተኛ ጊዜ እንኳ አልተከራከረም። የኔን የሚያዩት ግን ይስቃሉ። አንዱ “ይህ ኸሩፍ ነው ወይስ ትራስ?” አለ። ዋጋ የሚጠሩልኝ ለጠቦትነቱ ከከፈልኩት ብዙም አይርቅም። ከሥራ ቶሎ ስወጣ እየሮጥኩ እመጣለሁ፣ ቆሜ ቆሜ በጉን ለሽማግሌው አደራ ብዬ እመለሳለሁ። ያቺ ክፍል ዘንድሮ እንደገና ተለቅቃ፣ አከራይዋ ደግሞ እስከ በዓሉ ማብቂያ ካላመጣሽ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። ጓደኛዬ “አብሽሪ” ትለኛለች፤ በጓ የተሸጠላት ሰው አብሽሪ ማለት አያቅተውም። በአባቴ እውቀት ተመክቼ የገዛሁትን በግ ባየሁት ቁጥር እናደድ ነበር፣ በእሱም በራሴም።

የበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ለሶላት ሲሄዱ በጎቹን እንድጠብቅ ነገሩኝ። ረጃጅሞቹ አልቀው ነበር፤ የቀሩትም ሁለት ሦስቱ ዋጋቸው ጣሪያ ነክቷል። ያኔ አንድ የማውቀው ፒክአፕ መጥቶ ቆመ። የምሠራበት ቤት ጌታ፣ ሐጁ፣ ከሾፌራቸው ጋር ወረዱ። እሳቸው በግ ሁልጊዜ የሚገዙት በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ሻጩ ይጨነቃል ብለው። በዚህ ዓመት ግን የተጨነቁት እሳቸው ነበሩ።

“አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?” አሉኝ።

“በግ እሸጣለሁ፣ ያ ሐጅ።”

“የማንን?”

“የራሴን።”

በጉን ዞረው ዞረው አዩት። “አጭር ነው” አሉ።

ከዘሪባው ማዶ አንድ ሥጋ ቤት ነበር፤ በራፉ ላይ በግ ከነነፍሱ የሚመዝኑበት የብረት ሚዛን ያቆማል። ሽማግሌው ያን ሚዛን አይወዱትም፤ በዓይን የሚሸጥ ረጅም በግ የተሻለ ያወጣላቸዋል፣ ለአረፋ ሰው ለጎረቤት የሚታይ በግ ስለሚፈልግ። ለእኔ ግን ያን ሰዓት ሚዛኑ ወገኔ ሆኖ ታየኝ። “ሚዛን ላይ ይውጣና በኪሎ ይግዙኝ” አልኳቸው። ሾፌሩ ጎትቶ አወጣው። መርፌው ሲሄድ ሐጁ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ። ባለ ሥጋ ቤቱም ላቱን ነክቶ ራሱን ነቀነቀ። በኪሎ ሲሰላ የወጣው የክፍሌን ኪራይ ይሞላል። አባቴ አጠገቤ የቆመ መሰለኝ።

ሐጁ እጃቸውን ወደ ጀላቢያቸው ኪስ ሰደዱና ቆም አሉ።

“ዳሚንሽስ ማነው?”

“ምን አሉኝ፣ ያ ሐጅ?”

“ዳሚን። ነገ አንድ ሰው በጉ የኔ ነው ብሎ ቢመጣስ?”

ደሜ ፈላ። ከአንገቴ ሥር ቁልፉን መዝዤ አወጣሁ። “ይህ የማን ዕቃ ቤት ቁልፍ ነው? ይህን ሲሰጡኝ ዳሚን ጠይቀውኛል? በጉ የበላው ከእርስዎ ገበታ የተረፈ ዳቦ ነው፤ ማዳም ፈቅዳልኝ ነው የወሰድኩት። ከእርስዎ ወዲያ ማን ይወቀኝ?”

ሾፌሩ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ሐጁ ግን አልተቆጡም። “አትቆጪ፣ የገበያው ደንብ ነው” አሉ በቀስታ። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው፤ ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ሻያቸውን ከእጄ ተቀብለው ጠጥተዋል። በግ ይዤ ሲያዩኝ ግን የማያውቋት ሴት ሆንኩባቸው።

ሽማግሌው ከሶላት ተመለሱና “ከእኔ ነው የገዛችው፣ ዳሚኗ እኔ ነኝ” አሉ። ሐጁም ከፈሉ፣ ሽማግሌው ድርሻቸውን ወሰዱ፣ ኸላስ። ሾፌሩ በጉን ፒክአፑ ላይ ጭኖ “አንቺም ተሳፈሪ፣ ቤት ሥራ አለ” አለኝ። ዓመት ሙሉ ያደለብኩትን በግ ቀንዱን ይዤ፣ ገንዘቡን ደረቴ ላይ ቋጥሬ፣ ከኋላ ተቀምጬ ማንሺያ ገባሁ። እያሳቀኝም እያስለቀሰኝም ነበር።

በማግስቱ አረዱት፤ ያበሰልኩት እኔ ነኝ። እንግዶቹ ላቱን ጠብሼ ሳቀርብ ከየት አገኛችሁት እያሉ ጠየቁ። ሐጁ “ከማውቃት ሰው ነው የገዛሁት” አሉ።

በዓሉ ሲያልቅ የጀሪፏን ክፍል ኪራይ ከፍዬ፣ መሄዴን ለማዳም ነገርኳት። ሳሎን ተጠራሁ። ማዳም ተከፋች፣ እኔም ከፋኝ፤ አብረን ብዙ ቀን ውለናል። ሐጁ ግን ወደ ጉዳዩ ገቡ። “ከአገርሽ ልጆች አንዲት ደህና አምጪልን። የምታውቂያትን።” ከዚያ ትንሽ አስበው ጨመሩ፦ “ዳሚን ትሆኛታለሽ?”

“እሆናታለሁ” አልኩ። “እጇ ንጹሕ ካልሆነ እኔን ይጠይቁኝ። ግን እርስዎስ፣ ያ ሐጅ? ደሞዟን በወሩ እንደሚሰጧት፣ በሯንም ሳያንኳኩ እንደማይከፍቱ፣ ለእሷ ዳሚን የሚሆንልኝ ማነው?”

እኔም ካሁን አሁን ውጪ ተባልኩ ብዬ ሻንጣዬን ሳስብ፣ ማዳም ከመቀመጫዋ ተነሳች።

“እኔ” አለች። “እኔ ዳሚን እሆናታለሁ።”

ሐጁ በጉን ዞረው ዞረው ያዩበትን ዓይን አሁን በሚስታቸው ላይ አደረጉ። እኔ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከአንገቴ አወለቅኩና ለማዳም ሰጠኋት።