የመጀመሪያው አበባ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከባሕር ዳር ስትመጣ እንጆሪ ይዛልኝ መጣች። እቃውን ከፈትኩና ከሁሉ የቀላውን መርጬ ወደ ጎን አስቀመጥኩት። «ይኼ ለማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ነገሩ የወጣትነቴ ነው፤ ያኔ ከእርሻ ኮሌጅ ገና መውጣቴ ነበር። እንጆሪ ሲያለሙ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ የቡሬን አካባቢ ገበሬዎች ሊያግዙ በበጎ ፈቃድ መጡ፤ እኔ አስተርጓሚያቸው ሆንኩ። በሰኔ ጭቃ እየተንሸራተትን ከፍኖተ ሰላም ስንመላለስ፣ ሰው አገሩን ጥሎ ያለ ደመወዝ የሰው ጓሮ የሚኮተኩትበት ምክንያት ለገበሬው ቀርቶ ለእኔም አልገባኝም።

እንጆሪ ተክለው ካማረላቸው ገበሬዎች አንዷ ወይዘሮ አንጓች ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ወደ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል። መስከረም ላይ መደባቸው በአበባ ነጭ ሆኖ ስንደርስ ፈረንጁ ጎንበስ ብለው አንዷን ቀነጠሱ። ተክሉ ገና ጨቅላ ስለሆነ ዘንድሮ ካፈራ ይደክማል፤ አበባው ሁሉ ይነሳ አሉ። ተረጎምኩ። ወይዘሮ አንጓች ነጠላቸውን አውልቀው መደቡ ላይ ዘረጉበት።

«ንገራቸው ልጄ፤ የመጀመሪያው የኔ አይደለም። ልጄን መልስልኝ ብዬ ለሚካኤል ተስያለሁ። የታቦት እንዴት ይቀነጠሳል?»

ነገርኳቸው። ፈረንጁ ዳር ላይ ያለችውን ቀጭን ተክል እያሳዩ፣ እሷ ከነአበባዋ ትቅር አሉ። በእሳቸው ቤት ማስታረቃቸው ነው። ወይዘሮ አንጓች ግን ከፋቸው፤ ለታቦት ከሲታ አይሰጥም። መሀል ላይ ያለውን፣ ከሁሉ የወፈረውን አሳዩ። እሱ ተረፈ፤ የቀረው ተቀነጠሰ። ስንመለስ ፈረንጁ፣ ፍሬውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማን ይበላዋል ብለው ጠየቁኝ። እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እሳቸው አገራቸው ገቡ። የኅዳር ሚካኤል ለት ወይዘሮ አንጓች ፍሬውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ወሰዱ። ያ ወፍራም ተክል በበጋው ደረቀ፤ የተቀነጠሱት ግን በዓመቱ ለጎረቤት ተረፉ። ፈረንጁ ያሉት አልቀረም። ልጃቸው ግን አልመጣም።

ያን ዓመትም የመጀመሪያውን ፍሬ ጠቅልለው ሲወጡ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ልጅዎ ሳይመጣ አሁንም ይሰጣሉ ወይ አልኳቸው።

«ስለት ንግድ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝና አለፉ።

ከፈረንጁና ከወይዘሮ አንጓች ማናቸው ልክ እንደነበሩ ዛሬም አላውቅም። አንዳንዴ ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል፤ ያኔ እንዲያውም ግራ መጋባቱ ይብስብኛል።

ልጄ መልሴን እየጠበቀች ነበር።

«ለማን እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ የኔ አይደለም» አልኳት።