ስሟን የማያነብ ኮምፒውተር

የዓለምወርቅ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ክፍል ተከራይታ ፕሮግራም መጻፍ በራሷ የምትማር የመሪጌታ ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ህሩይ ከማረፋቸው በፊት ዜማቸውን ቀድታ ኮምፒውተሯ ላይ አስቀምጣ ነበር፤ ቅጂውን እየከፋፈለ ለተማሪዎች የሚያሰማ ፕሮግራም መሥራት ጀመረች።

ሥራው ግን አልሄድ አላት። ኮምፒውተሩ አዲስ ሳለ አባቷ «ስምሽን በፊደላችን ጻፊው እንጂ» ስላሏት፣ ዊንዶውስ ላይ የተጠቃሚ ስሟን በአማርኛ አስገብታ ነበር። ትእዛዝ የምትጽፍበት ጥቁር መስኮት ደግሞ ያን ፊደል አያውቅም። ፋይሎቿ ሁሉ ያሉበት የግል ማህደሯ የት እንዳለ ስትጠይቀው በስሟ ቦታ የጥያቄ ምልክት ይደረድርላታል። አድራሻውን በእጇ ብታስተካክለውም፣ ዘግታ ስትከፍተው ያው ነው።

ቢቸግራት ፒያሳ ኮምፒውተር ለሚጠግነው ለእንዳልካቸው ነገረችው።

«በእንግሊዝኛ ፊደል አዲስ ተጠቃሚ ፍጠሪና የድሮውን አጥፊው» አላት። «መጀመሪያ ግን ፋይሎችሽን ገልብጪ።»

ገለበጠች። የገለበጠችው ግን በዚያው በጥቁሩ መስኮት ነበር፤ ስሟን ማንበብ ስላልቻለ የወሰደላት ሌላ ባዶ ማህደር ነው። ከፍታ ሳታይ የድሮውን ተጠቃሚ ከነፋይሎቹ አጠፋችው።

እንዳልካቸው ለማስመለስ ብዙ ደከመ። ያገኘው የማይከፈት ቁርጥራጭ ብቻ ሆነ።

«ምነው ሌላ ቦታ ሳታስቀምጪው?» አላት።

አሁን ፕሮግራሙ ያለ እንከን ይሠራል፤ የሚያሰማው ግን የለውም። በዚያው ሳምንት እናቷ ከደባርቅ ደወሉ።

«የአባትሽን ድምፅ መቼ ነው የምታሰሚኝ፣ ልጄ?»

«ትንሽ ይቀረኛል፣ እማዬ» አለቻቸው።