የደፈንኩት ቀዳዳ

ሚዛን ከተማ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም ስናዘዝ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርኩ ይህችን ከምላሴ ሥር አስቀራታለሁ። ለናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ይሆናል። ከተነገረ ወዲያ ፊታችሁን ማየት ስለሌለብኝ ይሆናል። እንግዲህ ስሙኝ፤ ማሩኝ ብዬ አይደለም የጀመርኩት።

ታሪኩ እባላለሁ፤ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ሐጂ ከድር ብዙ ዘመን ጅዳ ነግዶ ተመልሶ እዚህ የእንግዳ ማረፊያ ሲከፍት ቧንቧውን በሙሉ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ሐጂ ባሕር ይናፍቀው ነበር። እናም በማረፊያው ሳሎን ውስጥ ግድግዳ የሚያህል የመስታወት ገንዳ አስቆመና፣ ከአዲስ አበባ ባስመጣው ጨው ውሃ በጥብጦ ሞላው። ውጭ ጉሙ ከደኑ ወርዶ ቡናው ቅጠል ላይ ይንጠባጠባል፤ ውስጥ ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች በባሕር ውሃ ውስጥ ይመላለሳሉ። ኮራል የሚሏቸውም ነበሩ፤ ድንጋይ መስለው ሥጋ ያላቸው። ጣት ጣት የሚመስል ነገር ዘርግተው ይወዛወዛሉ፤ ሲነኳቸው እንደ ጡጫ ይጨበጣሉ። እውነቱን ልናገርና እፈራቸው ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼ መሥራት አልወድም።

ከገንዳው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ውሃው ወርዶ የሚጣራበት ሌላ ትንሽ ገንዳ አለ። አጠገቡ ከሰልና ሌላ ማጣሪያ የታጨቀባቸው ረጃጅም የፕላስቲክ ሲሊንደሮች ቆመዋል፤ እያንዳንዱ የራሱ ፓምፕ፣ የራሱ ገመድ፣ የራሱ ቱቦ አለው። አንዱ ሲደፈን ሌላው ይንጫጫል።

«ታሪኩ፣ ይሄን የእባብ ጎሬ አቅልልኝ፤ አንድ ፓምፕ ይበቃው የለም ወይ?» አለኝ ሐጂ።

ይበቃዋል። ትንንሾቹን ፓምፖች ነቅዬ፣ ውሃውን ወደ ላይኛው ገንዳ ከሚገፋው ከዋናው ፓምፕ በሚወጣው ቧንቧ ላይ ለየማጣሪያው ቅርንጫፍ አወጣሁ፤ በየቅርንጫፉ መዝጊያ አደረግሁ። አማረ። ሐጂ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄ የታሪኩ ሥራ ነው» እያለ ያሳይልኝ ጀመር። ኮራሁ። እዚህ ላይ ብተወው ኖሮ ዛሬ የምናገረው ነገር ባልኖረኝ።

ግን አንዲት ድምፅ ቀረች። ወደ ላይኛው ገንዳ ውሃ የሚመልሰው ቧንቧ ላይ ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብላ የምስማር ያህል ቀዳዳ አለች፤ ውሃ ስትተፋ ፍስስ ትላለች። ሐጂ ይህችን ጠላት። ቀዳዳዋ በከንቱ አልተበሳችም። መብራት ሲሄድና ፓምፑ ሲቆም ውሃው በመጣበት ቧንቧ ተመልሶ ወደ ታች ይጠባል፤ የገንዳው ውሃ ዝቅ ብሎ ቀዳዳዋ ጋ ሲደርስ አየር ይገባና መጥባቱ ይቆማል። ይህን አውቅ ነበር። እያወቅሁ በሲሊኮን ደፈንኳት። ውሃው ዝም ብሎ እንዲገባም የቧንቧውን አፍ እስከ ገንዳው ወለል አስረዘምኩት።

«መብራት ቢሄድስ?» አለኝ።

«ምንም አይሆንም ሐጂ።»

ለምን እንዲህ አልኩ? ዝም ያለ ሥራ ስለሚመሰገን ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

አሁን ወደ እትዬ አስካለ ልምጣ። ማረፊያውን የምታጸዳ፣ ዓሦቹንም የምትመግብ ሴት ነበረች፤ ከማሻ የመጣች፣ እዚህ ዘመድ የሌላት። ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ መስታወቱ ፊት ቆማ «ደኅና እደሩ ልጆቼ» ትላቸዋለች። ዓሦቹም እሷ ስትመጣ ወደ መስታወቱ ይሰበሰባሉ። አይቻለሁ።

አንድ ቀን ሐጂ ወደ ቴፒ ሄዶ አደረ። የዚያን ሌሊት ሊነጋጋ ሲል መብራት ሄደ። ጠዋት ላይ ሌላ ሥራ ልጨርስ ስገባ ሳሎኑ ውስጥ ማንም የለም፤ ባሕር ባሕር የሚል ሽታ ብቻ አፍንጫዬን መታው። ከኋላ ክፍል ደግሞ ድምፅ ይሰማል፤ ጉሮሮው ሊዘጋ የደረሰ ሰው ሲውጥ የሚያሰማው ዓይነት። ቧንቧው ነበር። የመጨረሻውን ውሃ እየጠባ ነበር። ገንዳው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ የወረደው ውሃ ከታችኛው ገንዳ ተርፎ በክፍሉ ወለል ባለው የፍሳሽ ማውጫ ሄዷል። ዓሦቹ ገንዳው ወለል ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ኮራሎቹ ሁሉ ተጨብጠዋል። አንድ ቢጫ ዓሣ ብቻ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ለመጠባበቂያ ያዘጋጀነው የጨው ውሃ በየበርሜሉ ነበር፤ ገልብጬ ሞላሁት። ዓሦቹን ለማዳን ነው እላለሁ ለራሴ። ታዲያ ውሃውን ከመሙላቴ በፊት ለምን በምስማር ያን ቀዳዳ ከፈትኩ? ለምን ሲሊኮኑን ፍቄ ኪሴ ከተትኩ? ለምን ወለሉን ወለወልኩ? ያ ቢጫ ዓሣ እየሞተ እኔ ወለል እወለውል ነበር።

ሐጂ ሲመለስ ገንዳው እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ውሃው ኩልል ያለ። ውስጡ ያለው ሁሉ ግን ሞቷል። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ያስፈራል። ሐጂ ራሱ ሁለት እጁን መስታወቱ ላይ አድርጎ የሞቱትን አንድ በአንድ ቆጠራቸው።

«ታሪኩ፣ ምን ነካቸው?»

«እንጃ ሐጂ። ከቧንቧው በኩል እንኳ ደኅና ነው፤ ውሃው ይኸው ሙሉ ነው» አልኩ።

የማረፊያው ዘበኛ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ማታ አስካለ ብቻዋን ቆማ ስታያቸው ነበር። ስታወራቸው ነበር» አለ። ወሬው ማብሰያ ቤት ሲደርስ «ዓይኗ ነው» ተባለ። ከሰዓት በኋላ ገበያ ውስጥ ተሰማ። በማግስቱ እናቶች እሷ ስታልፍ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ሐጂ እንኳ ቡዳ ምናምን የሚል ሰው አልነበረም፤ ግን እንግዶች ተሰቀቁ፣ እሱም ደክሞት አሰናበታት።

ቤቴ መጣች። ከደጅ አላለፈችም።

«ወንድሜ፣ አንተ ያን ዕቃ ታውቀዋለህ። እኔ ምን አደረግሁ? ንገረኝ፣ በሞቴ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ አስካለ» አልኳት። ምስማሩ ያኔ የሥራ ሳጥኔ ውስጥ ነበር።

ወደ አገሯ ሄደች። ሐጂ ገንዳውን አፍርሶ በቦታው ሶፋ አኖረ። ከዚያ በኋላ ግን መብራት በሄደ ቁጥር፣ የትም ቤት ልሁን፣ ያ መዋጥ ይሰማኛል። ቧንቧ ጨርሶ በሌለበት ቤት እንኳ። ሚስቴ «ምን ታዳምጣለህ?» ትለኛለች። ውሃ እላታለሁ።

በቅርቡ ማሻ ሥራ ገጠመኝ። ስለ አስካለ ጠየቅሁ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ብቻዋን ትኖራለች አሉኝ። የጠቆመኝ ሰው ራሱ እስከ ቤቷ ሊያደርሰኝ አልፈለገም፤ ወሬው ቀድሟት ገብቷል። አጥሩ ጋ ቆሜ ተጣራሁ። ሻሿን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ፣ መሬት መሬት እያየች ወጣች። ድምፄን ለየችው።

«ታሪኩ ነህ? እዚያው ሁን፤ ፊት ለፊቴ አትቁም። ልጆች አሉህ።»

«እትዬ አስካለ፣ ዓይንሽ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀዳዳውን፣ ሲሊኮኑን፣ ምስማሩን፣ ያን ቢጫ ዓሣ። አልቅሼ ነገርኳት። ሰምታኝ እስክትጨርስ አንዴም ቀና አላለችም። ከዚያ ፈገግ አለች።

«እግዜር ይስጥህ። እኔን ልታጽናና ይህን ሁሉ መንገድ መጣህ።»

«እውነቴን ነው!»

«አይ ወንድሜ፣ እኔስ ዓይኔን አውቀዋለሁ። የዚያን ማታ ከበሩ ዞር ብዬ ሌላ ጊዜ አይቻቸው በማላውቀው ፍቅር አየኋቸው። ከዚያ በኋላ የማንንም ልጅ አላየሁም» አለችኝ። ዓይኗን ሳታነሣ ልጆቼን መረቀችልኝ፤ ይደጉ፣ ይለምልሙ አለች።

ከማሻ ስመለስ በሐጂ በር አለፍኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሰላም አለኝ። ለእሱና ለዘበኛው፣ ከዚያም ለገበያው ሁሉ መናገር እንደነበረብኝ ጠፍቶኝ አይደለም። ሰላምታውን መልሼ አለፍኩ። ያን ቀን በሥራ ሰበብ ሸሸሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሰበብ እንኳ የለኝም። ይቅርታ የምትሰጠኝ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም ይቅር የምልህ በደል የለም ብላ መርቃ ሸኘችኝ። እናንተን ምሕረት አልለምንም። እናንተ ብቻ እመኑኝ፦ ያች ሴት ምንም አላደረገችም። እኔ ነኝ።