የመሪጌታ ትንፋሽ በአንዲት ፍላሽ ውስጥ

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ በሰው እጅ አንዲት ፖስታ ደረሰችኝ፤ ስከፍታት ክዳኗ የጠፋ፣ በጥቁር ክር የታሰረች፣ አውራ ጣቴን የምታህል ሰማያዊ ፍላሽ ዲስክ መዳፌ ላይ ወደቀች። ክሩን ያሰርኩት እኔው ነበርኩ። ዛሬ ስልኬ ውስጥ ከፍቼ እንኳ ያላየሁት የሰው ሠርግ ቪዲዮ ከእሷ አሥር እጥፍ ቦታ ይይዛል፤ ያኔ ግን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፍላሽ በኪሱ የያዘ ሰው መንገድ ሙሉ ኪሱን እየዳበሰ ነበር የሚሄደው።

ፍላሿን የሞላሁበት ኮምፒውተር የመምህር ከድር ነበር። ከጅማ የመጡ፣ ግቢያችን ውስጥ የተከራዩ የፊዚክስ አስተማሪ ናቸው። እኔ ትምህርት ጨርሼ ቤት የዋልኩ ዝምተኛ ልጅ ነበርኩ፤ ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም፤ እሳቸው ቁልፉን ትተውልኝ ወደ ሥራ ሲሄዱ ያገኘሁትን ሁሉ እየከፈትኩ፣ ያየሁትን ባለ ካሬ ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው የለመድኩት።

ከግቢው በር አጠገብ ደግሞ የዜማ መምህሩ መሪጌታ ጥበቡ ይኖሩ ነበር። ጉሮሯቸው ስለታመመ ሐኪሙ ከእንግዲህ እንዳያዜሙ አስጠንቅቋቸዋል። ከመምህራቸው በቃል የተቀበሏቸውን ሰባት ዜማዎች እንደ እሳቸው አሟልቶ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ብለው ማይክሮፎን ፊት ተቀምጠው ሰባቱንም አዜሙልን፤ ውጭ ዶሮ ሲጮህ በእጃቸው እያስቆሙኝ፣ ዶሮው ሲተወን እየቀጠሉ። ቅጂውን አዲስ አበባ ላለችው ልጃቸው ይወስዱላታል፣ እሷም ሲዲ ላይ አስገልብጣ ለተማሪዎቻቸው ትልካለች።

መምህር ከድር ግን ሊዛወሩ ነው፤ ኮምፒውተሩንም ለአንድ የደጀን ነጋዴ ሸጠውታል። ሰውየው ቅዳሜ መጥቶ ይወስደዋል፣ ውስጡ ያለውም ሁሉ ይጠፋል። ቅጂው መቶ ስድሳ ሜጋባይት፣ ፍላሿ የምትይዘው መቶ ሃያ ሁለት። ሲዲ የሚጽፍልን ቤት ፈልገን አጣን። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

መጀመሪያ የመጣልኝን ዘዴ ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። የድምፁን መስመር ስክሪኑ ላይ ስመለከት በየሐረጉ መካከል ምንም የሌለበት ጠፍጣፋ ቦታ አየሁ፤ ባዶ ነው አልኩና ከመጀመሪያው ዜማ ላይ አንድ በአንድ እየቆረጥኩ አወጣሁት፣ በዚያው በዋናው ፋይል ላይም ሴቭ አደረግኩት። በሥራዬ ኮርቼ መሪጌታን ጠርቼ አሰማኋቸው።

ትንሽ ሰሙና ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉ። «አንተ ልጅ፣ ትንፋሼን የት አደረስከው?»

«ቦታ እንዲበቃን ብዬ ነው መሪጌታ። ዝም ያሉበትን ብቻ ነው የቆረጥኩት።»

«ዝም ያልኩበትን? እሱን ዝም ማለት ለመማር እኮ ነው ሁለት ዓመት የፈጀብኝ! አሁን ውሻ የሚያባርረው ሰው አስመሰልከኝ።»

እንደገና ሊሉት ጀመሩ፤ ሁለተኛው ሐረግ ላይ ሳል ያዛቸው። መምህር ከድር ከወንበራቸው ተነሥተው «ይተዉት መሪጌታ፣ በአላህ ይተዉት» አሏቸው። የመጀመሪያው ዜማ ትንፋሽ እንደሌለው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ መቁረጥ የሚባል ነገር፣ ከድምፁ የሚሸርፈውን ኤምፒ ስሪን ጨምሮ፣ እርም አልኩ። መምህር ከድር ከሻንጣቸው ሥር ፕሮግራሞች የሞሉበት ሲዲ አወጡልኝ። «ፋይል የሚጨምቁ አሉበት፤ ሞክራቸው» አሉኝ። መሪጌታ ነገሩ ሲነገራቸው ሣቁ፤ «ጭድ በከረጢት እንደ መርገጥ ነዋ። ታዲያ ጭዱ ሲወጣ ይሰባበር የለ?»

«ይኼ አይሰባበርም። እንደገባ ይወጣል» አሏቸው መምህር ከድር።

እንደዚያ ሐሙስ ተደስቼ የዋልኩበት ቀን የለም። ደብተሬ ላይ መስመር አሰመርኩ፤ በዚህ የፕሮግራሙ ስም፣ በዚህ የወሰደው ደቂቃ፣ በዚህ የቀረው ሜጋባይት። ዚፕ ሰባቱን ዜማ በአንድ ደቂቃ አጥፎ መቶ አርባ ሰባት አደረሰልኝ። ልቤ ዘለለ፤ አንድ ጊዜ ከቀነሰ ዚፑን ራሱን መልሼ ዚፕ ባደርገው አሁንም ይቀንሳል ብዬ ደገምኩት፤ ይባስ ብሎ በጥቂት ኪሎባይት ጨመረ። መምህር ከድር እስኪያስነጥሳቸው ሣቁ፤ «ሻንጣን ሻንጣ ውስጥ ብትከተው ልብሱ ያንሳል እንዴ?» ሰቨን ዚፕ የሚባለው ቀጠለ፤ ቀርፋፋ ነው፣ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ እስኪያጓራ አስጨነቀው፣ ግን መቶ ሠላሳ ስምንት አደረሰው። አሥራ ስድስት ሜጋባይት ቀረኝ። ዓርብ ጠዋት መብራት ሄደ፤ ቆጣሪውን እያየሁ ቁርስ አልበላም አልኩ።

መብራቱ ሲመጣ የቀረኝ ራር የሚባለው ፕሮግራም ነበር። እሱ ድምፅን እንደ ድምፅ ለይቶ የሚያጥፍበት መንገድ እንዳለው ማብራሪያው ላይ አነበብኩና ያንን መርጬ ለቀቅኩት። መሪጌታ በሩ ላይ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል፤ ከመቶ ስንት እንደደረሰ እጮህላቸዋለሁ፣ እሳቸውም «እሺ» ይላሉ። አለቀ። መቶ አሥራ ስድስት! ከወንበሩ ተነሥቼ ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ጎረቤት ግን ወጥቶ አይቶናል።

አላመንኩትም። ፈትቼ ከዋናው ጋር ባይት በባይት አስተያየሁት፤ ልዩነት የለም። መሪጌታም ሁለተኛውን ዜማ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ማረፊያው ላይ ሲደርስ ጣታቸውን አነሡ፣ ከድምፃቸው ጋር አብረው ተነፈሱ። «አለ» አሉ። አዲስ አበባ ላይ የሚፈታው ሰው እንዳይቸገር የራርን ፕሮግራም ራሱን ጎኑ ላይ ጨመርኩበት፤ እሱም ገባ። ቅዳሜ ነጋዴው ሲመጣ ፍላሿ በመሪጌታ ጋቢ ጫፍ ተቋጥራ ነበር።

መሪጌታ ካረፉ ቆይቷል፣ መምህር ከድር የት እንዳሉ አላውቅም፣ ግቢውም ፎቅ ተሠርቶበታል። ልጃቸው የላከችልኝን ፍላሽ ስሰካት ግን ያ ፋይል አንዲት ስህተት ሳያሳይ ተፈታ፤ ዶሮው እንኳ አለ። በኋላ ዘመን ስማር ጸጥታ ሲታጠፍ ከምንም የማይቆጠር ቦታ ብቻ እንደሚይዝ አወቅኩ፤ ቦታ ላተርፍ የቆረጥኩት ትንፋሽ ቢኖር ኖሮ ፍላሿ ላይ ለውጥ አያመጣም ነበር።

ስድስቱን ዜማዎች ተቀምጬ ነው የምሰማቸው። መጀመሪያውን ግን ቆሜ ነው፤ ሐረጉ ሲያልቅ ማቆሚያውን እጫናለሁ፣ እሳቸው ጣታቸውን ያነሡ የነበረውን ያህል ቆሜ አየር ወደ ውስጥ እስባለሁ፣ ከዚያ ዜማውን እለቅቀዋለሁ።